ሞተራችን በማን ሰዓት ነው የሚሠራው?

ቀጠሮ ስንይዝ ሰዓቱን ከተነጋገርን በኋላ የምናስከትላት ጥያቄ አለች፦ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የምትል። ባለ ሁለት ሰዓት አገር ስለሆንን ጥያቄዋን መጠየቅ ነውር የለውም። ነውሩ አለመጠየቅ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ካፌ ውስጥ ያስጎልታል።

ዛሬ ይህችኑ ጥያቄ ለመኪና ሞተር እንጠይቅለት። በተለይ ደግሞ ሮቤና ጎባ ለሚመላለሰው፣ ከዚያም አልፎ ሳኔቲን ለሚወጣው ሞተር። «ሴቶች ስለ ካንዴላ ምን አገባችሁ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ያው እኛም ሚኒባስ እንሳፈራለን፣ እኛም ዳገት ላይ «ውረዱና ግፉ» ተብለን እናውቃለን። ያገባናል።

ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እያሉ ነው ያስመረቁን። ከስድስቱ ውስጥ «መቼ» ብዙ ጊዜ ቀኑ ተጽፎ የሚታለፍ ጥያቄ ነው። ሞተር ውስጥ ግን የሁሉም አለቃ «መቼ» ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያምቀዋል፣ ካንዴላው ብልጭ ይላል፣ የተለኮሰው ድብልቅ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ግን ድብልቁ እንደ ቦምብ ባንዴ አይፈነዳም፤ ይነዳል። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ዳር እስኪደርስ ጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይፈጅበታል። «ይቺ ምን አላት!» እንዳትሉ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ እስኪደርስ መጠበቅ አይችልም። እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ 10፣ 20፣ አንዳንዴም 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀድሞ መለኮስ አለበት። ዓላማው ትልቁ ግፊት ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር፣ 15 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ እንዲያገኘው ነው። መካኒኮቻችን ታይሚንግ የሚሉት ይህንን ነው።

እሳቱ ከዘገየ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ፒስተኑ ወርዶ ሄዷል፣ ድብልቁ ገና ይነዳል፤ በውድ የተገዛው ቤንዚን መኪና መግፋቱን ትቶ የጭስ ማውጫውን ያሞቃል። በጣም ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ግፊቱ አናቱን ይለዋል። ያኔ ሞተሩ መምታት ይጀምራል፤ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ዓይነት ድምፅ። ሰምቶ ዝም ያለ ባለቤት ውሎ አድሮ ፒስተን ይበሳበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ይመስላል።

የባሌ አየር ስንት ነው?

እዚህ ድረስ ያወራነው ሞተር የትም ያለ ሞተር ነው። አሁን ወደ ባሌ እንውጣ።

በባሕር ዳርቻ፣ መኪኖቻችን ከመርከብ በሚወርዱበት በጅቡቲ ወደብ፣ የአየሩን ግፊት 100 እንበለው። 2,490 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሮቤ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 74 ይወርዳል። ከሮቤ ብዙም ሳትርቅ 2,740 ሜትር ላይ ባለችው ጎባ 71 ይሆናል። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚያቋርጠው መንገድ ሳኔቲ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ሲረግጥ 61 ብቻ ይቀራል። 4,377 ሜትር ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍማ 58 ላይ ነው። ለሳንባ ከባድ ነው፣ ለሞተርም እንዲሁ።

አየሩ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጉልበት ይጠፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል ይባላል፣ የአየሩ ቁጥርም ይህንኑ ይመሰክራል። ሁለተኛው ብዙ የማይወራለት ነው፤ የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ቀስ ብሎ የሚነድ ነገር ደግሞ ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ልክ የነበረው ታይሚንግ ሳኔቲ ላይ የዘገየ ነው። ሞተሩ በአየር እጥረት ከሚያጣው ጉልበት በላይ በሰዓት መዛባት ሌላ ያጣል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ያለ ቱርቦ መመለስ አይቻልም። ሁለተኛው ግን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይመለሳል። በነፃ!

«ታዲያ አስቀድሞ መገላገል ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ይሄን ጊዜ ነው የባሌ መንገድ ሳቅ የሚለው። መኪናው ሳኔቲ ላይ አያድርማ! አምባውን አቋርጦ፣ ሪራን አልፎ፣ የሐረና ጫካን ሰንጥቆ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሎ መና ይወርዳል። እዚያ የአየሩ ቁጥር ወደ 85 ተመልሷል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ለሳኔቲ ብላችሁ ያስቀደማችሁት እሳት ደሎ መና ላይ ሞተሩን መምታት ይጀምራል። በዚያ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከመንገድ ዳር ቀድታችሁ፣ ቤንዚኑም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ይብሳል፤ እንዲህ ያለ ቤንዚን ቶሎ ነው የሚመታው። ደጋው የቤንዚኑን ጉድ ይሸፍንላችኋል። ቆላው ያጋልጣችኋል።

በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ ከ71 ወደ 61፣ ከ61 ወደ 85። አንድ ቦታ ላይ ተጠምዝዞ የታሰረ ታይሚንግ ለዚህ መንገድ እንዴት ይበቃዋል?

ጆሮ እና ዲስትሪቡተር

በዲኤክስ ኮሮላና በላዳ ዘመን (ያ ዘመን ደግሞ ክፍለ ሀገር ላይ ገና አላለቀም) ታይሚንግ የሚስተካከለው በዲስትሪቡተር ነው። መካኒኩ ብሎኑን ያላላል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ዲስትሪቡተሩን በሁለት ጣቱ ወዲህ ወዲያ ያዞራል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። «ይቺ ናት!» ይላል፣ ያጠብቃል። ከዚያ ዳገት ላይ ወስዶ ይሞክረዋል። የታይሚንግ መብራት ያለው ደግሞ ብልጭታውን ፑሊው ላይ አብርቶ ዲግሪውን ያነባል።

ይህን ጥበብ ለመናቅ አልመጣንም። ሮቤ ላይ በጆሮ ታይሚንግ የሚይዝ መካኒክ ለሮቤ አየር ነው የሚይዘው፤ ጆሮው የተስተካከለው ጃፓን ውስጥ ሳይሆን እዚያው በ74 ነው። ከፋብሪካው መጽሐፍ ይልቅ የእሱ ጆሮ ለአገሩ ይቀርባል። ችግሩ ጆሮው አብሮ አለመጓዙ ነው። መኪናው ሲወጣና ሲወርድ መካኒኩ ጋራዥ ቀርቷል።

«ዲስትሪቡተሩ ራሱ የሚያስቀድምበት ነገር የለውም እንዴ?» የሚል አዋቂ አይጠፋም። አለው፣ ሁለት አለው። አንደኛው በፍጥነት የሚሠሩ ትናንሽ ክብደቶች ናቸው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ይከፈቱና እሳቱን ያስቀድማሉ። ሁለተኛው በጎኑ የተለጠፈችው፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ የገባባት ክብ ቆርቆሮ ናት፤ ሞተሩ በሚስበው አየር ትሠራለች። ታዲያ ይህች ቆርቆሮ የምትለካው የውጭው አየርና የሞተሩ ውስጥ አየር ያላቸውን ልዩነት ነው። ዳገት ላይ ነዳጁን እስከ ጥግ ስትረግጡት የውስጡና የውጭው እኩል ይሆናሉ፤ ጅቡቲም ሁኑ ሳኔቲ፣ ልዩነቱ ዜሮ ነው። የውጭው አየር ራሱ መሳሳቱን ቆርቆሮዋ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የባሌን ዳገት ከጅቡቲ ሜዳ ሳትለይ ነው የምትኖረው።

የባጃጁም ነገር ተመሳሳይ ነው። የባጃጅና የሞተር ሳይክል እሳት አብዛኛውን ጊዜ በታሸገች ትንሽ ሳጥን ይታዘዛል። ሳጥኗ የሞተሩን ፍጥነት አይታ ታስቀድማለች፣ ታዘገያለች። ስለ ከፍታ አልተነገራትም። ብሎን የላትም፣ አትዞርም፣ በፕላስቲክ ተደፍናለች። እዚህ ላይ የመካኒኩ ጆሮ ጭራሽ ሥራ ፈታ።

256 ቁጥሮች

በመኪና ጅማሬ ዘመን ይህ ሥልጣን የሾፌሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የዚያ ዘመን መኪኖች እሳቱን ለማስቀደምና ለማዘግየት የሚያገለግል በእጅ የሚንቀሳቀስ ዘንግ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ ዘንጉን ከመሪው ሥር አስቀምጦት ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን እያዳመጠ ይገፋዋል፣ ይስበዋል። ቀጥሎ ሥልጣኑ ወደ ዲስትሪቡተሩ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ቦሽ ሞትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቢኤምደብሊው ላይ አወጣና እሳቱንም ቤንዚኑንም አንድ ኮምፒውተር ያዛቸው ጀመር። ዛሬ በየመንገዱ የምናያት ቪትዝ የዚያ ዘር ናት። የሚገባውን አየር ትለካለች፣ ታይሚንጉን ራሷ ታስተካክላለች። ቪትዝ ያላችሁ፣ ሰንሰሮቿ ደህና እስከሆኑ ድረስ አትነካኳት፤ ከፍታውን አውቃለች። ግን ልብ በሉ፤ ቁጥሮቹን የጻፈው ሌላ ነው፣ ቁልፉም ሌላ ሰው ጋ ነው። የእኛ መካኒክ ስካነር ሰክቶ ጥፋቱን ያነባል፣ ያጠፋል። መጻፍ አይችልም።

መጻፍ የሚቻልበት በር ግን ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት አሜሪካውያን፣ ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ፣ ሜጋስኩዌርት የተባለውን ራስህ የምትገጣጥመው የሞተር ኮምፒውተር አወጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስፒዱዊኖ ደግሞ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች መብራት ብልጭ ድርግም እያደረጉ በሚማሩበት በአርዱዊኖ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፤ ንድፉም ፕሮግራሙም ለማንም ክፍት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ የሚል መካኒክ እንዲህ ብሎ ይጀምር። የሞተሩ ፑሊ ላይ ለ36 ጥርስ የተከፈለ፣ አንዱ ጥርሱ ግን የጎደለ ጎማ ይታሰራል። በየ10 ዲግሪው አንድ ጥርስ ማለት ነው። ሰንሰሩ ጥርሶቹን ይቆጥራል፣ ክፍተቷን ሲያገኝ «ፒስተኑ እዚህ ነው» ብሎ ያውቃል። ሌላ ሰንሰር የሚገባውን አየር ግፊት ይለካል። ይህኛው እንደዚያች ቆርቆሮ ልዩነት አይለካም፤ ግፊቱን ከባዶ ጀምሮ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ሳኔቲን ከጅቡቲ ይለያል። ከዚያ ሰንጠረዥ አለ፤ ወደ ጎን 16፣ ወደ ታች 16፣ ባጠቃላይ 256 ሳጥን። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላው የአየሩ ግፊት፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር፦ «በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ አየር፣ ይህን ያህል ዲግሪ ቀድመህ ለኩስ።» በቃ፣ ይኼው ነው። ካርቡሬተሩን ሳይነኩ እሳቱን ብቻ ለዚህ ሰሌዳ መስጠትም ይቻላል።

አሁን ሮቤ የቀረው መካኒክ ከመኪናው ጋር ተጓዘ ማለት ነው። ለጎባ የጻፈው ቁጥር ጎባ ላይ ይሠራል፣ ለሳኔቲ የጻፈው ሳኔቲ ላይ፣ ደሎ መና ሲደረስ እሳቱ ራሱ ወደ ኋላ ይላል። ጆሮው በ256 ሳጥን ተገለበጠ።

እርግጥ በግምት አይጻፍም። ከሚዘገየው ወገን ተጀምሮ ሁለት ሁለት ዲግሪ እየተጨመረ ይሞከራል። ዳይኖ ባይኖርም ዳገትና የእጅ ሰዓት አለ፤ አንድ ዳገት፣ አንድ ማርሽ፣ ያው ጭነት፣ ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ስንት ሰከንድ? ተጨማሪው ሁለት ዲግሪ ሰከንድ ካልቀነሰ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። መምታት ከተሰማ ደግሞ ወዲያው መመለስ። የቆላውን ሳጥን ቆላ ወርዶ፣ በሙቀቱ፣ ጭኖ እንጂ ሮቤ ተቀምጦ መሙላት ሞተር ማረድ ነው። ሙከራው ደግሞ ሳኔቲ ላይ እሽቅድምድም እንዳይሆን አደራ። እዚያ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮም በመኪና ተገጭታ ሞታ ታውቃለች። ላፕቶፑ በዝግታ እየነዱም ይመዘግባል።

«ኤሌክትሪክ መጣ እኮ!»

ትልቁ ተቃውሞ ይሄ ነው፤ ተገቢም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አሳውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይስብም፣ ካንዴላ የለውም፣ ሳኔቲ ላይ አይታፈንም። ታዲያ ስለ እሳት ማውራት ከዘመን መዘግየት አይሆንም?

ሁለት መልስ አለን። አንደኛው የኪስ ነው። አዲስ ነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ነው የሚቆየው። አዲስ አበባ የጠገበችው አሮጌ ኮሮላ ደግሞ ሊብሬው ተዛውሮ ወደ ክፍለ ሀገር ነው የሚሄደው እንጂ አይቀበርም። ከሮቤ ጎባ ሰው የሚያመላልሰው፣ ሕመምተኛ ይዞ በሌሊት ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚሮጠው፣ የሲናናን ገበሬ ገበያ የሚያደርሰው ገና ለብዙ ዓመት ቤንዚንና ናፍጣ ነው። (ናፍጣው ካንዴላ ባይኖረውም ታይሚንግ አለው፤ የእሱ ጥያቄ ናፍጣው መቼ ይረጭ የሚል ነው።) ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ወረፋውን ታውቁታላችሁ። በዘገየ እሳት የሚባክነው ከዚያ ወረፋ የተገኘው ነው።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥብናል። የኤሌክትሪክ መኪና ከቪትዝም የባሰ የታሸገ ነው። ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ ሳይቀር በተጻፈ ቁጥር ነው የሚሠራው። ዛሬ 256 ሳጥን ከፍቶ አንድ ቁጥር መለወጥ፣ ለውጡ ዳገት ላይ ምን እንዳመጣ መለካት ያልተማረ ወጣት፣ ነገ የዚያን መኪና ኮምፒውተር ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ጎማ ቀያሪና መስታወት አጣቢ ሆኖ ነው የሚቀረው። ታይሚንግ ትንሿ በር ናት። በትንሿ ያልገባ በትልቁ አይገባም።

ከተማ ላይ ፕሮግራም የሚደረግ ሞተር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሌላ ነው። በየቪዲዮው የምናየው፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ጭስ ማውጫው «ጧ! ጧ!» የሚለው ፋሽን አለ። እሱም እኮ ታይሚንግ ነው፤ እሳቱን ሆን ብሎ በጣም በማዘግየት ቤንዚኑን ጭስ ማውጫ ውስጥ ማንደድ። በዚያው ዕውቀት አንዱ ቤንዚን ያስጮኻል፣ ሌላው ሳኔቲን ይወጣበታል። የትኛው እንደሚያኮራ ለእናንተ እንተወዋለን፤ እኛ መርጠናል።

እና ምን ይደረግ?

ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። በየጋራዡ ከድምፅ ብቻ በሽታ የሚያውቁ መካኒኮች አሉ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ሞተር ዙሪያ የሚቆሙበት አጋጣሚ ግን የለም። ተማሪው ሰሌዳውን ያውቃል፣ ዳገቱን አያውቅም። መካኒኩ ዳገቱን ያውቃል፣ ሰሌዳውን አልነካም። አንድ የቆየ ዲኤክስ፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ባለ 36 ጥርስ ጎማ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለመጀመር ይበቃል።

ተማሪው ተመራቂ ወረቀቱን «የሞተር ቁጥጥር ሥርዓት» ብሎ ከውጭ መጽሐፍ ከሚገለብጥ፣ ከጎባ እስከ ደሎ መና ያለውን ሰንጠረዥ ከመካኒኩ ጋር ሆኖ ይሙላ። ሲጨርስም አይቆልፈው። የሚቀጥለው ተማሪ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ያለውን ይጨምርበታል፣ ጎንደር ያለው የሊማሊሞን፣ ደሴ ያለው የአካባቢውን ቁልቁለት። ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የምናየው ሰንጠረዥ ሁሉ በሆነ አገር ሰው፣ በሆነ አገር አየር የተለካ ነው። የእኛ አየር ያልተለካው ማንም ስለከለከለን አይደለም።

ሰሌዳውን የምትገዙ ወጣቶች ለጓደኞቻችሁ ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፈልጉ። «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ዳገት ላይ ምን ይላል?» በሉት። እሱ የሚነግራችሁን ቁጥር አድርጋችሁ ጻፉት።